ከካርቦን ውሉ በፊት ሣሩን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ከቦረና፣ ከያቤሎ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው አብሮ አደጌ ነው። ዛሬ ከብት አርቢ ነው፤ በአካባቢውም ቃሉ የሚሰማ ሰው ሆኗል። እንደ ልማዳችን ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሣር ተጠያየቅን። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ሰዎች መጥተው ሽማግሌዎችን ሰብስበው ነበር። ግጦሹን ከልላችሁ ቁጥቋጦውን ካልቆረጣችሁ በየዓመቱ ገንዘብ ይከፈላችኋል ብለዋቸዋል። «አየር ነው የምንገዛችሁ አሉን። አንቺ መስሪያ ቤት ስለነበርሽ ታውቂያለሽ ብዬ ነው» አለኝ።

በስልክ፣ በአምስት ደቂቃ፣ መመለስ አልቻልኩም። እሱን «ቆይ፣ አስቤ እደውልልሃለሁ» ብዬ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ጥያቄው የእሱ ብቻ እንዳልሆነም ገባኝ። ዛሬ ቦረና ነው፣ ነገ አፋር፣ ሶማሌ፣ ደቡብ ኦሞ ይሆናል። ስለዚህ ለሁሉም ይድረስ ብዬ ለእናንተ ጻፍኩ። ረዘም ካለባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፤ ስለ ቁጥቋጦው የጻፍኩትን ግን አደራ፣ እንዳለ ተዉልኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ያቤሎ ነው። የግጦሽ መሬት ባለሙያ ሆኜም ለ14 ዓመት ቦረናን ከዲሬ እስከ ጎሞሌ በእግርም በመኪናም ዞሬዋለሁ። የተራቆተ መሬት እንዲያገግም እፈልጋለሁ። ለዚያ ሥራ የሚከፍል ከተገኘም ደስ ይለኛል። የካርቦን ገንዘብ ይቅርብን የምል ሰው አይደለሁም፣ ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

ለመሆኑ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሣርም ዛፍም ሲያድግ ከአየር ላይ ካርቦን ይወስዳል። ከፊሉ ግንድና ቅጠል ይሆናል፣ ከፊሉ በሥሩ በኩል አፈር ውስጥ ይገባል። የተጎዳ መሬት ሲያገግም፣ ባያገግም ኖሮ ይይዝ ከነበረው በላይ የያዘው ካርቦን ይሰላል። አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ክሬዲት ይባላል። ውጭ አገር ያለ ኩባንያ ያንን ክሬዲት ገዝቶ እኔ ለለቀቅሁት ጭስ ማካካሻ ይሁንልኝ ይላል። በደረቅ ቃል ይኸው ነው። እኔ ግን አብሮ አደጌን «የምትሸጠው አየር አይደለም፣ ቃልህን ነው» ብዬዋለሁ፣ በኋላ ስደውልለት። ይህን መሬት ለዚህን ያህል ዓመት እንዲህ አድርገን እንይዘዋለን የሚል ቃል ነው። እንዲህ ያሉ ውሎች ብዙ ጊዜ 30 ዓመት ይሄዳሉ። አንድ ገዳ 8 ዓመት ነው። ዛሬ የሚፈርሙት ሥልጣን ካስረከቡ በኋላ ሁለት አባ ገዳ ይፈራረቃል፣ ቃሉ ግን ያኔም አላለቀም። ዛሬ እረኛ የሆነው ልጅ የራሱን ልጆች ይድርበታል።

አሁን ወደ ቁጥቋጦው ልምጣ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ለከተማ ሰው «ቁጥቋጦ አትቁረጡ» ጥሩ ምክር ይመስላል። ሁላችንም ዛፍ አትቁረጥ እየተባልን ነው ያደግነው። ቦረና ላይ ግን አገር በቀል ዕፅዋት ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ሣር ነው። ሰፊ የሣር ሜዳ፣ መሐል መሐሉ ላይ ተራርቆ የቆመ ግራር። አላሎ የሚሉት ሣር አለ፣ መታ ጉዴሳ የሚሉት አለ። ከብቱ የሚወፍረው፣ ወተቱ የሚበረክተው በእነሱ ነው። መሬቱ በዓመት ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ነው የሚያገኘው፣ እሱም በሁለት ተከፍሎ፤ ትልቁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ሐገያ በመስከረምና በኅዳር መካከል። ሣሩ በዚያችው ይኖራል። ላዩ ሲደርቅ እንኳ ሥሩ አፈሩን ጨብጦ ዝናብ ይጠብቃል።

ሽማግሌዎቹ በየተወሰነ ዓመቱ ደረቁን ሣር ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ የእሾሁን ቡቃያ ይገድላል፣ መዥገሩን ይጨርሳል፣ ዝናብ ሲጥል አዲስ ሣር ይወጣል። መቼ፣ የት፣ በየትኛው ነፋስ እንደሚለኮስ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ማቃጠል ተከለከለ። የከለከሉት ክፉ አስበው ነው አልልም። ከዚያ ወዲህ ግን ቁጥቋጦው ሜዳውን እየወረሰ መጣ። ፉሌንሳ የሚሉት፣ ሰፈንሳ ጉራቻ የሚሉት፣ እሾሃማ ግራሮች ናቸው። ሁሉም አገር በቀል ናቸው፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ከባሕር ማዶ የመጣ የለም። ልክ ሲያልፉ ግን ሣሩን ያቀጭጩታል፣ ውኃውን ይሻሙታል፣ ከብቱም መግቢያ መውጫ ያጣል። ላም ፉሌንሳ ውስጥ ገብታ ጡቷ ተቧጭሮ ስትመለስ አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ሜዳውን እያየን የሄድንበት መንገድ ዛሬ ግራና ቀኙ እሾህ ነው፣ አሥር እርምጃ ወዲያ አይታይም።

ከላይ ሆኖ የሚያየው ሳተላይት ይህን ሁሉ አይናገርም። ለእሱ አረንጓዴ አረንጓዴ ነው። እንጨቱ በዝቷል፣ ከመሬት በላይ ያለው ካርቦን ጨምሯል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መሬቱ አገገመ ተብሎ ይጻፋል። እዚያ የሚኖረው ሰው ግን ላሙን እየሸጠ ግመልና ፍየል ሲገዛ ነው የኖረው፤ ቅጠል የሚበሉት እነሱ ናቸውና። ለቦረና ደግሞ ላም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የኖረ ያውቀዋል።

ሌላም አለ። በሴፍቲኔት ሥራ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው እየተከፈለው ቁጥቋጦ ሲመነጥር ኖሯል። ያንን ሥራ እኔ ራሴ ተቆጣጥሬያለሁ። እሾሁ ተመንጥሮ፣ ቅርንጫፉ አጥር ሆኖ፣ በሁለተኛው ዝናብ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ ያየሁበት ቦታ አለ። አሁን ሌላ ሰው መጥቶ «አትመንጥሩ፣ ላለመመንጠር እንከፍላለን» ሲል ሽማግሌው ማንን ይስማ?

አፋርን ደግሞ ተመልከቱ። ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ ከውጭ የመጣው በረሃውን ያለምልማል፣ አፈር ይይዛል ተብሎ ነው። በእርግጥም ለመለመ። ዛሬ አፋር ክልል ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሷል። የአዋሽ ዳርን ምርጥ ግጦሽ ዘግቶታል። ከብቱ ፍሬውን ይበላል፣ በእበቱ ዘሩን ይበትናል፤ ስኳሩ ደግሞ ጥርሱን ይጨርሰዋል። ኬንያ፣ ባሪንጎ ሐይቅ አጠገብ ያሉ ሰዎች በ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. መንግሥታቸውን በዚህ ዛፍ ምክንያት ሲከሱ ጥርሷ ያለቀ ፍየል ፍርድ ቤት ድረስ ወስደው አሳይተዋል። ዳኛ እንዲያምናቸው ፍየሏን ማምጣት ነበረባቸው። ይህ ዛፍ በካርቦን ሚዛን ቢለካ ጥሩ ውጤት ያመጣል። ለአፋር ግን ዘመድ እንደ ቀበረበት ጉዳት ነው።

እዚህ ላይ የራሴንም ልናገር፣ ሌላውን ብቻ ስወቅስ እንዳልገኝ። በ2005 ዓ.ም. ገደማ እሠራበት በነበረው መስሪያ ቤት መሬት ማገገም ማለት ችግኝ መትከል ነበር። ቁጥር ይፈለጋል። ስንት ሄክታር ተከለለ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ። አንድ ቦታ ላይ ጥሩ ሣር ያለበት፣ ሰዎቹ ለጥጆች ብለው የሚያቆዩት ሜዳ ነበር። ለመከለል የሚመቸው፣ ለመኪና መንገድ የሚቀርበው እሱ ሆነና ከለልነው። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ በሺህ የሚቆጠር ችግኝ ተተከለ። አንዲት እናት መጥታ «ጥጆቹስ የት ይሂዱ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰጠኋትን መልስ ዛሬ መድገም አልፈልግም። በጋው ሲመጣ ችግኙ በሙሉ ደረቀ ማለት ይቻላል። የተቆፈረው ቦታ ላይ የበቀለው እሾህ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ግን «በዕፅዋት የተሸፈነ» ተብሎ ተጻፈ፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ዛሬ ውል የሚለው ቃል ሲነሳ የምደነግጠው። ያኔ የተበላሸው አንድ ሜዳ ነው። የካርቦን ውል ግን በመቶ ሺህ ሄክታር ነው የሚቆጥረው።

መሬት እንዴት እንደሚያገግም ቦረና ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ካሎ የሚሉት አለ፤ በዝናብ ጊዜ ታጥሮ የሚቆይ፣ በጋ ሲበረታ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች የሚከፈት የሣር ቦታ። የሚከለለው በሰፈሩ ሰዎች ስምምነት ነው፣ የሚከፈትበትንም ቀን እነሱ ናቸው የሚወስኑት። የሚታለቡት ላሞች ከመንደር አጠገብ ይቀራሉ፣ የቀሩት ፎራ ተብለው ከወጣቶች ጋር ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይሄዳሉ። ውኃውም እንዲሁ ነው። የቱላ ኤላዎች በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ላይ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራ የሚያስይዝ አባ ሄሬጋ አለ። በጋ ላይ የሚከፈተው ኤላ በዝናብ ጊዜ ስለሚዘጋ በዙሪያው ያለው ሣር ያርፋል። ውኃውን የያዘ ግጦሹን ያዘ ማለት ነው፣ አጥር እንኳ አያስፈልገውም። ታላቁ የጉሚ ጋዮ ጉባኤ በ8 ዓመት አንዴ ሲቀመጥ ከሚነሱት ጉዳዮች ውስጥ ግጦሽና ውኃ አለበት። ይህ ሥርዓት ዛሬ እንደ ድሮው ጠንካራ ነው አልልም። ሰው በዝቷል፣ ጥሩ ጥሩው መሬት እየታረሰ ነው፣ አንዳንዱም ካሎ የግል አጥር እየሆነ ነው። የካርቦን ገንዘብ ይህን ሥርዓት ቢያጠናክር እሰየው። በላዩ ላይ ሌላ ኮሚቴ፣ ሌላ ሊቀመንበር፣ ሌላ ማኅተም ካመጣበት ግን የቀረውንም ያፈርሰዋል።

ይህን ስል በግምት አይደለም። ከሞያሌ ተሻግሮ የሆነውን እናውቃለን። ሰሜን ኬንያ ያሉት ቦረናዎች ወገኖቻችን ናቸው፤ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ድንበር አይልም፣ ሰውም ወዲህና ወዲያ ይጠያየቃል። እዚያ ኖርዘርን ሬንጅላንድስ ትረስት የሚባል ድርጅት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠር ትልቅ የአፈር ካርቦን ፕሮጀክት ይመራል። 14 የተፈጥሮ ጥበቃ ቀጣናዎች፣ በጠቅላላው 1.9 ሚሊዮን ሄክታር፣ ለ30 ዓመት። ቦረናም፣ ሳምቡሩም፣ ሬንዲሌም ይኖሩበታል። ሐሳቡ ግጦሹ በዕቅድ፣ በተራ በተራ እንዲበላና መሬቱ እንዲያርፍ፣ ሣሩ ሲያገግምም አፈሩ ካርቦን እንዲይዝ ነው። ዛፍ አይቆጥርም፣ ሣርና አፈር ላይ ነው ያተኮረው፤ በዚህ በኩል ለአብሮ አደጌ ከተነገረው በጣም ይሻላል። ክሬዲቱንም እንደ ኔትፍሊክስና ሜታ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ገዝተውታል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ወጣ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሰርቫይቫል ኢንተርናሽናል የተባለው የመብት ድርጅት ሰፊ ትችት አቀረበ። ሕዝቡ በቂ መረጃ ሳያገኝና በወጉ ሳይስማማ ነው የተጀመረው፣ ደግሞም አርብቶ አደሩ ከጥንት ጀምሮ የራሱ የግጦሽ ሥርዓት እያለው ልክ ሥርዓት እንዳልነበረው ተደርጎ ተቆጠረ አለ። ፕሮጀክቱን የሚመራው ድርጅት ይህን አልተቀበለም። ክሬዲቱን የሚያረጋግጠው ቬራ የተባለው ድርጅትም ፕሮጀክቱን ለጊዜው አግዶ መመርመር ጀመረ። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢሲዮሎ የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ነዋሪዎች ባቀረቡት ክስ ላይ ፈረደ። ሁለት የጥበቃ ቀጣናዎች ያለ በቂ የሕዝብ ተሳትፎ ስለተቋቋሙ ሕጋዊ አይደሉም አለ። አንዱ የካርቦን ፕሮጀክቱ አካል የሆነው፣ ቦረናዎች የሚኖሩበት ቢሊቆ ቡሌሳ ነው። ከፍርዱ በኋላ ቬራ ፕሮጀክቱን እንደገና አገደው።

እስቲ አስቡት። ከአሥር ዓመት በላይ ከተሠራ፣ ክሬዲቱ ተሸጦ ገንዘቡ ከተከፋፈለ በኋላ ነው መጀመሪያ ላይ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ፍርድ ያገኘው። ማን ፈቀደ? ማንን ጠይቃችሁ? የዘገየውን ጥያቄ ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ገዢው ኩባንያ አይደለም። እዚያው ያለው እረኛ ነው።

ኬንያ ከዚህ ሁሉ ንትርክ ውስጥ አንድ ጥሩ ነገር አውጥታለች። በ2023 እ.ኤ.አ. የአየር ንብረት ሕጓን ስታሻሽል መሬት ላይ ከተመሠረተ የካርቦን ፕሮጀክት ገቢ ቢያንስ 40 በመቶው በየዓመቱ ለአካባቢው ሕዝብ እንዲደርስ ደንግጋለች። ከወጪ ቀሪ፣ ከትርፍ ቀሪ የሚል ማምለጫ ሲዘጋ ነው ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው። እኛም አገር ውል ከመፈረሙ በፊት እንዲህ ያለ በሕግ የተቆረጠ ቁጥር ያስፈልጋል።

ስለ ዝናብም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ደረቅ መሬት ላይ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። አውስትራሊያኖች ከእኛ ቀድመው ገብተውበታል። በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ ደረቃማ የግጦሽ መሬት ላይ ባለከብቶች ግጦሽ ቀንሰው፣ ምንጣሮ ትተው፣ ሙልጋ የሚባለው የግራር ዘመድ ራሱ እንዲበቅል ሲያደርጉ ክሬዲት የሚያገኙበት አሠራር ነበር። በጣም ተስፋፋ። በ2022 እ.ኤ.አ. ግን አንድሩ ማኪንቶሽ የተባሉ ፕሮፌሰር፣ ቀድሞ የዚሁ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩ ናቸው፣ አሠራሩ ትክክል አይደለም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። መንግሥት ገለልተኛ ቡድን አቋቁሞ አስመረመረ፤ ቡድኑ መሠረቱ ደህና ነው፣ ይሻሻል አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው 182 ፕሮጀክቶችን መርምረው የዛፉ ሽፋን ክሬዲት የተከፈለበትን ያህል አለመጨመሩን፣ የታየውም ለውጥ አብዛኛው ከፕሮጀክቱ ውጭ ባሉ ነገሮች፣ በተለይ በዝናብ የመጣ መሆኑን ጻፉ። ክርክሩ ይቀጥላል። እኔ የወሰድኩት ነገር ይህ ነው፦ ደረቅ አገር ላይ ዝናብ ሲጥል ሁሉ ነገር ይለመልማል፣ ሲቀር ሁሉ ነገር ይደርቃል። በጥሩ ዓመት የመጣውን ልምላሜ ፕሮጀክቱ አመጣሁት ካለ፣ በክፉው ዓመት የሚደርቀውንስ በማን ያመካኛል? በእረኛው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ክፉ ዓመት ደግሞ እናውቃለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀረ። ሃምሳ ስልሳ ከብት የነበረው ሰው ባዶ እጁን ቀርቶ ዱብሉቅ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። አባቴን ያሳደጉ የሚባሉ ቤተሰቦች፣ ስንት ጊዜ ወተታቸውን የጠጣሁ ሰዎች፣ እዚያ እርዳታ ሲጠብቁ አይቻለሁ። ያን ጊዜ የተረፈው ከብት የተረፈው ሩቅ ስለሄደ ነው። «ይህ መስመር የፕሮጀክቱ ወሰን ነው፣ በዚህ ዓመት ይህን ክፍል አትግቡበት» የሚል ውል ያኔ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሰውዬው ወይ ከብቱን ይቀብራል፣ ወይ ውሉን ያፈርሳል። ከብቱን ወደ ጎረቤት ግጦሽ ቢያስገባ ደግሞ የእኛ መሬት ካርቦን ሲይዝ የጎረቤት መሬት ይራቆታል፣ ጠቡም ይከተላል። ስለዚህ የድርቅ በር የሌለው ውል ቦረና ላይ ገና ሲፈረም የፈረሰ ነው። በድርቅ ዓመት ግጦሹን መክፈት ውል ማፍረስ ተደርጎ እንዳይቆጠር፣ የመክፈቱም ሥልጣን በሽማግሌዎቹ እጅ እንዲሆን ውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ጥሩም ምሳሌ አለን። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባለው ወረዳ የተራቆተ ተራራ ነበረው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከወርልድ ቪዥን ጋር 2,728 ሄክታር ከለሉ። አብዛኛው ችግኝ አልተተከለበትም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ ከመሬት በታች ሕይወት ስለነበረው ቡቃያውን መርጠው፣ ገርዘው፣ ጠብቀው አሳደጉት። አገር በቀሉ ዛፍ ራሱ ተመለሰ። በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፣ ከክሬዲቱም ከፊሉን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ገዛ። ነገሩን የተለየ ያደረገው ግን 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው መሬቱን የመጠቀም መብት በስማቸው መያዛቸው ነው። ሣሩን እያጨዱ ለከብት ይወስዳሉ፣ ገቢውም ለእነሱ ነው። ሁምቦ ተራራ ነው፣ ቦረና ሜዳ ነው፤ የዛፉን ሥራ እንዳለ ገልብጠን ወደ ቦረና እንውሰድ ማለት ያው የእኔን የችግኝ ስህተት መድገም ነው። መብቱን አስቀድሞ በእጅ ማስያዝን ግን መቅዳት ይቻላል።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይላል። በተግባር ግን ስንቱ አርብቶ አደር ነው ይህ ግጦሽ የእኛ ነው የሚል ወረቀት ያለው? ገበሬው የይዞታ ደብተር ከያዘ ቆየ። አርብቶ አደሩ ከያዘው ጥቂት ነው። ደብተሩ ሲሰጥም በቀበሌ ተቆራርሶ መሰጠት የለበትም። ቦረና ዴዳ የሚላቸው ሰፋፊ የግጦሽ ክልሎች አሉት፤ ዲሬ፣ ጎሞሌ፣ ማልቤ፣ ጎልቦ፣ ዋያማ። ከብቱ የሚንቀሳቀሰው በእነሱ ውስጥ ነው። መብቱም ውሉም በዚያ ስፋት መሆን አለበት፣ ቀበሌ ቢፈርም ከብቱ ቀበሌ አያውቅም።

ለአብሮ አደጌ መጨረሻ ላይ ደወልኩለት። እንዲህ አልኩት። አትፈርሙ አልልህም፣ አትቸኩሉ ነው የምልህ። የሚቆጠረው ምንድን ነው በሏቸው፣ እንጨት ነው ወይስ ሣርና አፈር? ፉሌንሳ መመንጠርን የሚከለክል ቃል ውስጡ ካለ መልሱላቸው። ውሉን በኦሮምኛ ጻፉልን፣ በጉባኤ ላይ ቃል በቃል ይነበብልን በሏቸው። ሴቶቹም ይቀመጡ፤ የጥጆቹን ነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከአንድ ክሬዲት ዋጋ ላይ ለናንተ ስንት እንደሚደርስ፣ ለአማካሪው ስንት፣ ለአረጋጋጩ ስንት እንደሆነ በቁጥር ይንገሯችሁ። ድርቅ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። እናንተ ጋ ሲመጡ ብቻቸውን አይምጡ፣ ከኢሲዮሎ ሁለት ሽማግሌ ጠርታችሁ አብረዋችሁ ይቀመጡ፤ ከእነሱ በላይ የሚያስረዳችሁ ባለሙያ የለም።

ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ጥጆቹስ ካሎ ውስጥ ይገባሉ?» አለኝ።

ለእናንተ ያለኝ ልመና አንድ ነው። ጋዜጠኛ ወደ ቦረና ላኩ። በሐገያ ዝናብ ማግስት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሣሩ የሚታየው ያኔ ነው። ከአንድ ካሎ አጥር ዳር ቆሞ ውስጡንና ውጪውን ያነጻጽር፣ ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር ሄዶ ፉሌንሳ የወረረውን ይይ። ፎቶውን ጎን ለጎን አትሙት። ከተማ ላይ ውል የሚያረቁት ሰዎች ጋዜጣችሁን ያነባሉ ብዬ አምናለሁ። አስጎብኚ ካጣ እኔ አብሬው እሄዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የግጦሽ መሬት ባለሙያ፣ የያቤሎ ልጅ